ሦስት ጊዜ የሚለምን ድረ ገጽ

እኛ አገር ድግስ ላይ “አይ፣ በቃኝ” ማለት “ጨምሩልኝ” ማለት ነው! “ኧረ እኔ አልቀመጥም፣ ቸኩያለሁ” ያለ ሰው ወንበር ፈልጉልኝ ማለቱ ነው። “ምንም አላስቸግራችሁም” ያለ እንደሆነማ... መኝታውን አንጥፉለት፣ አዳሪ ነው! ይህንን የማያውቅ ሰው በሸዋ ምድር ይኖራል ብላችሁ ታስባላችሁ? አንድ አለ። እኔ ነኝ። ያውም እንጀራዬ የሰውን ፍላጎት አስቀድሞ ማወቅ ሆኖ!

ሥራዬን ላስረዳችሁ። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ለሆቴሉ፣ ለብርድ ልብስ ነጋዴው፣ ለጥርስ ሐኪሙ... ብቻ ላዘዘኝ ሁሉ። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ “ስልክ ውስጥ ቤት ትሠራለች” ነው የምትለው። ብዙም አልተሳሳተች። ቤት ሲሠራ በሩ በየት ይሁን፣ መስኮቱ ወዴት ይዙር ይባል የለ? እኔም ቁልፉ የት ይቀመጥ፣ ጽሑፉ ምን ያህል ይርዘም ስል ነው የምውለው። ቁልፍ ስላችሁ ኪስ የሚቀደውን አይደለም፤ ስክሪን ላይ በጣት የምትነኩትን ሳጥን ነው።

መቼም አንባቢዬ ናችሁና አንድ ምክር በነጻ ልመርቅላችሁ። ለደብረ ብርሃን ሰው ድረ ገጽ ስትሠሩ ቁልፉን ትልቅ አድርጉት! ለምን አትሉም? እዚህ ከተማ እጁን ከጋቢ ውስጥ በፈቃዱ የሚያወጣ ሰው የለም። አውራ ጣቱን ብቻ ብቅ ያደርጋል፤ አውራ ጣቱም ይንቀጠቀጣል። አንድ ደንበኛ ከብርድ ልብስ ነጋዴው ገጽ ላይ አንድ ብርድ ልብስ ሊያዝ ገብቶ፣ እየተንቀጠቀጠ “እዘዝ” የሚለውን ደጋግሞ ነክቶት አንድ ቁልል ብርድ ልብስ ቤቱ ድረስ መጣለት። ስህተት ነው ብሎ ይመልሳል ስንል ሁሉንም ለብሶ ተኛ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቁልፉ አንዴ ከተነካ እንዲተኛ አድርጌዋለሁ። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ብልህ ነበርኩ። ነበርኩ!

ነገሩን የጀመሩት አጎቴ ጋሽ ወልዴ ናቸው። ጋሽ ወልዴ አንኮበር ገብስና ባቄላ የሚያርሱ፣ ክፉ ቃል የማይወጣቸው፣ ግን በትንሹም በትልቁም ሆድ የሚብሳቸው ሰው ናቸው። ጥር ላይ ልጃቸውን ጥሩወርቅን ሊድሩ ሽር ጉድ ሲሉ አንድ ጭንቀት ያዛቸው። ስንት ሰው ይመጣል? ብዙ ቢደገስ ተርፎ ይበላሻል፣ ቢቆጠብ ያልቃል። ማለቁ ደግሞ ቀልድ እንዳይመስላችሁ! ድግስ ያነሰበት ሰው በአገሩ ስሙ ይለወጣል። አቶ እከሌ መባሉ ይቀርና “ያ ወጥ ያለቀበት” ይሆናል፤ ልጆቹም “የዚያ ወጥ ያለቀበት ልጆች” እየተባሉ ያድጋሉ። ከዚያ የሚብስ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም ዳስ ጥሎ ሰው ማጣት ነው። እሱንማ አያምጣው።

“ልጄ፣” አሉኝ በስልክ፣ “ያ የስልክ ቤትሽ ሰው መቁጠር አይችልም?”

“ይችላል እንጂ ጋሼ! ምን ጠፍቶ!”

“የሚመጣውንና የማይመጣውን ለይቶ?”

“ለይቶ! እርስዎ ብቻ በሬዎን ያዘጋጁ።”

ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ከላይ የሙሽሮቹ ፎቶ፤ ከሥሩ “በሠርጋችን ላይ ይገኛሉ?” የሚል ጥያቄ፤ ከጥያቄው በታች ሁለት ቁልፍ። አንዱ አረንጓዴ፣ “እመጣለሁ” ይላል። ሌላው ግራጫ፣ “አልመጣም” ይላል። የነኩትን ከነኩ በኋላ “ስለ ምላሽዎ እናመሰግናለን” ብሎ ይዘጋል። በቃ! ተጠቃሚን ማድከም የለም፣ ማደናገር የለም፣ ነገር ማስረዘም የለም። በሙያችን ከዚህ የበለጠ ውበት የለም። ደግሞ ሳልሞክረው አልለቀቅኩትም። ከእኔ ጋር አንድ ቢሮ ለሚሠሩ ጓደኞቼ ሰጠኋቸውና ሁሉም ዓይናቸውን ሳያሹ “እመጣለሁ” አሉ። ከመካከላቸው አንድም የተጠራ አልነበረም። እሱን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሊንኩ ተላከ። ስማርት ስልክ ያለው በራሱ፣ የሌለው በልጁ፣ ልጅ የሌለው በጎረቤቱ ስልክ ተዳረሰው። እኔም ሻይዬን ይዤ ሕዝብ ሲጎርፍ ለማየት ተመቻቸሁ። ብዙም ሳልቆይ ጋሽ ወልዴ ደወሉ።

“ልጄ... ይሄ ነገር ተበላሽቷል መሰለኝ።”

“ምን ሆነ ጋሼ?”

“መንደሩ በሙሉ አልመጣም ይላል።”

ከፈትኩት። አይ ጉድ! ግራጫ በግራጫ! የጥሩወርቅ የክርስትና እናት አልመጣም፣ እድርተኛው አልመጣም፣ የንስሐ አባታቸው መምሬ ደጀኔ ሳይቀሩ አልመጣም! “እመጣለሁ” ያሉት ሙሽራው፣ የሙሽራው እናት፣ እና ሊንኩ በምን መንገድ እንደደረሰው የማይታወቅ አንድ የጫጫ ከተማ ሰው ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ሰው ቢሆን “ቆይ እስቲ፣ ገጹ ምን ጎድሎት ይሆን?” ይላል። እኔ ግን ምን ብል ጥሩ ነው? “ጋሼ፣ ማሽን አይዋሽም። ሕዝቡ አልመጣም ካለ አልመጣም ነው።”

ጋሽ ወልዴ ቀስ ብለው “እንግዲያው በሬው ይቅር፤ በግ ይበቃናል” አሉና ዘጉት።

ከዚያ የሆነውን የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው። አንድ ጠዋት እየጮሁ ደወሉ።

“ነዪ ልጄ፣ ድረሺልኝ! አጎትሽ ሊያብድ ነው!”

“ምን ሆኑ እትዬ?”

“በሰው ቤት እየዞረ በደሉን ይናዘዛል!”

ለካ ጋሽ ወልዴ አገሩ ሁሉ የተቀየማቸው መስሏቸው፣ ከሠርጉ በፊት ልታረቅ ብለው በትራቸውን ይዘው ተነሥተዋል። ችግሩ ማንም አልተቀየማቸውም! እሳቸው ግን ማን በምን እንደተቀየመ ስላላወቁ፣ ያስታወሱትን ሁሉ ለየባለቤቱ ያድሉ ጀመር። ለጎረቤታቸው ባልቴት “ጠላሽ ይጎመዝዛል ብዬ ያማሁሽ እኔ ነኝ” አሏቸው፤ ባልቴቷ እስከዚያች ሰዓት ጠላቸው በአገሩ አንደኛ እንደሆነ ነበር የሚያውቁት። ለመምሬ ደጀኔ ደግሞ “ያኔ በቅሎዎ ያነከሰችው እኔ ገብሴን ስትበላ በድንጋይ መትቻት ነው” አሏቸው። መምሬ ቡዳ በልቷት ነው ብለው ያን ክረምት በሙሉ ጸበል ሲረጩባት ነው የከረሙት! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሆነው፤ ያልነበረ ቅያሜ ፈልገው የነበረ ወዳጅ አጡ።

የከፋው የጋሽ ሸዋንግዛው ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው ከአጎቴ ጋር ማሳቸው የሚዋሰን፣ አብሮ አደጋቸው ናቸው። ጋሽ ወልዴ ሄደው “ወጣት ሳለን የወሰኑን ድንጋይ አንድ እርምጃ ገፍቼብሃለሁ፣ ማረኝ” አሏቸው። ሰውየው አላወቁም ነበር! እስከዛሬ በዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከአጎቴ ጋር ሲጫወቱ ኖረዋል። ጋሽ ወልዴ በማግሥቱ ድንጋዩን ተሸክመው ወደ ጥንት ቦታው መለሱት፤ ጋሽ ሸዋንግዛው ግን “ነገሩ የድንጋይ አይደለም” ብለው ደጃቸውን ዘጉ።

ሚኒባስ ተሳፍሬ አንኮበር ወጣሁ። ጉሙ አፍንጫ አያሳይም። ገና ከመኪና ስወርድ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ጥምጣም፣ ቀጥሎ መምሬ ደጀኔ ብቅ አሉ። መስቀል ተሳልሜ ሳልጨርስ ጥያቄዬን አወረድኩት።

“መምሬ፣ እንዴት አልመጣም ይላሉ? በጥሩወርቅ ሠርግ?”

“ማን? እኔ? እመጣለሁ እንጂ! ጥምጣሜን አሳጥቤ አይደለም እንዴ!”

“ታዲያ ስልኩ ላይ...”

“ስልኩማ ‘ይገኛሉ ወይ’ አለኝ። አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ ተጠይቄ ‘አዎ’ ልበል? ካህን ነኝ እኮ ልጄ! ድግስ ሲሰማ ዘሎ የሚነሣ ይባልልኝ?”

“እና ምን እንዲልዎት ነበር?”

“‘ኧረ መምሬ በሞቴ!’ ይበለኛ! እኔ ‘ተዉኝ፣ እርጅና ተጫጭኖኛል’ እላለሁ። እሱ ‘አፈር ስሆን!’ ይላል። እኔ ‘ወዲያ!’ እላለሁ። እንዲህ እያልን ነው እሺ የሚመጣው። ያንቺ ስልክ ግን ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?” መስቀላቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። “‘ስለ ምላሽዎ እናመሰግናለን’ ብሎ ዘጋብኝ! እሰይ እንኳን ቀሩ ማለቱ እኮ ነው! በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም። የበቅሎዋ ነገር ሲጨመርበት ደግሞ... ተይኝ ልጄ፣ ተይኝ።”

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሰዉ ለካ በይሉኝታ ነው ግራጫውን የነካው። ሁሉም ጥምጣሙን አሳጥቦ፣ ጫማውን አስጠርቶ፣ እስኪለመን ስልኩን ይጠብቃል። እኔ ደግሞ በአንድ ንክኪ ጨረስኩ ብዬ እኮራለሁ!

እዚያው እትዬ አስካለ ቤት ተቀምጬ ገጹን እንደገና ሠራሁትና ሊንኩን ለሁሉም በድጋሚ ላክሁት። አሁን ግራጫውን ስትነኩ “ኧረ በሞቴ!” ይላችኋል። ደግማችሁ ብትነኩ “አፈር ስሆን!” ይላል። ሦስተኛ ብትጨክኑ የጥሩወርቅ ፎቶ ዕንባ እያወረደ ይመጣና “ሙሽራዋ አንገቷን ደፋች!” ይላል። ከዚያ በኋላ ገጹ ላይ የሚቀረው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ “እሺ እንግዲህ፣ ካላችሁ ምን ይደረጋል” የሚል። በስተቀኝም በስተግራም መውጫ የለውም። እሺ ሳትሉ አትወጡም!

ጌታዬ፣ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። አገር ተነቃነቀ! መምሬ ደጀኔ ተለምነው ተለምነው እሺ ካሉ በኋላ ተመልሰው ገብተው እንደ አዲስ እምቢ አሉ፤ ደስ ብሏቸው ነው። ባልቴቷ የጎመዘዘውን ጠላ ረስተው “አፈር ስሆን” የሚለውን ለጎረቤት ሁሉ ያሳያሉ። ሊንኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲል እነዋሪ ገበያ ደርሶ፣ ሙሽራዋን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ እህል ሻጭ ሁሉ በየማዳበሪያው ላይ ተቀምጦ ይለመናል። እትዬ አስካለ እንኳ፣ የሙሽራዋ እናት እኮ ናቸው፣ ጓዳ ውስጥ ተደብቀው “አልመጣም” ሲሉ እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው።

“እትዬ! እርስዎ ደጋሽ አይደሉም እንዴ?”

“ምን ላድርግ ልጄ፣” አሉ ስልኩን ወደ ደረታቸው እያስጠጉ፣ “በዚህ ቤት ስኖር አንድ ቀን ማን ለምኖኝ ያውቃል?”

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ዓይናቸውን ሳይ ግን ተመለሰ። በነገራችን ላይ ያን ዕለት ከሰዓት ድረ ገጹ በልመና ብዛት ወደቀ። የሆቴሉን ገጽ ተሸክሞ ሰው አጥቶ ሲያዛጋ የሚውለው ሰርቨር፣ ገጾቼ የሚያድሩበት ኮምፒውተር፣ የአንኮበርን ይሉኝታ መሸከም አቃተው።

ጋሽ ወልዴ አረንጓዴውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። በሬው ወደ ክብሩ ተመለሰ፤ ዳሱ ተሰፋ። የእንግዶቹን ስም እየጠሩ ሲያስነብቡኝ አንዱ ስም ላይ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ተቆረጠ።

“ሸዋንግዛው... እሺ ብሏል?”

“ብለዋል ጋሼ።”

“ሸዋንግዛው ይቅር አለኝ!” አሉና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሽማግሌ ሰው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።

እኔ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። የሠራሁት ገጽ ማን ምን እንደነካ ያሳየኛል። ጋሽ ሸዋንግዛው ግራጫውን የነኩት እንደ ሌላው ሰው እየተሽኮረመሙ አልነበረም፤ አልመጣም፣ አልመጣም፣ አልመጣም ብለው ነው፣ ልክ በር እንደሚደበድብ ሰው። መጨረሻ ላይ ሌላ መውጫ ስላልነበራቸው ብቻ በዚያች በአንዷ ወጡ። እኔም ገጼም “እሺ” ብለን ቆጠርናቸው። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የአጎቴን ዕንባ ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ይኸው ሁለተኛው ነጻ ምክሬ፦ መውጫ የሌለው ገጽ አትሥሩ። አጥር አጥራችሁ የያዛችሁትን ሰው እንግዳ አትበሉት።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ዳሱ ጢም ብሎ ሞላ። የተጠራው መጣ፣ ያልተጠራው መጣ፤ የጫጫውም ሰው መጥቶ መሃል ቦታ ይዟል፤ የማን ወገን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ወጡ ወጥቷል፣ ሽታው ከብርዱ ጋር እየታገለ ዳሱን ይዞራል። መምሬ ደጀኔ ማዕዱን ሊባርኩ እጃቸውን ግማሽ ድረስ አንሥተዋል። ይሄን ጊዜ ጋሽ ወልዴ መሃል ወጥተው ቆሙ። ከጎናቸው አንድ ባዶ ወንበር አለ፤ ምርጥ አጎዛ ተነጥፎበታል።

“ሸዋንግዛው ሳይመጣ እህል አይቀመስም!”

የመምሬ እጅ አየር ላይ ቀረ።

“ጋሽ ወልዴ፣ ሰዉ እኮ ከጠዋት ጀምሮ...” አለ አንዱ።

“አይቀመስም አልኩ! እመጣለሁ ብሎኛል፣ በጽሑፍ! ድንጋዩን ከልቡ ያነሣልኝ ሰው ሳይቀምስ ማን ይቀምሳል?”

ተጠበቀ። ሆድ መጮህ ጀመረ፤ መጀመሪያ አንድ ሁለቱ፣ ከዚያ ሁሉም። ወጡ ቅባቱ ረጋ። ሙሽራው ከንፈሩ ደረቀ። እኔም ሰው ሲንሾካሾክ ሰማሁ፦ “ምናልባት አንሶበት ይሆን እንዴ ጊዜ የሚገዛው?” በቃ! ስማቸው ሊለወጥ ነው! በሬ አርደው፣ ዳስ ሞልተው፣ አጎቴ “ያ ወጥ ያለቀበት” ሊባሉ ነው፤ ያውም በእኔ ቁልፍ! ጫማዬን በትክክል ሳላጠልቅ ወደ ጋሽ ሸዋንግዛው ቤት በረርኩ።

እቤት ውስጥ ኩርፊያቸውን ታቅፈው አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር። ሰውየው አጥራቸው ሥር ቆመው በቀዳዳ ወደ ዳሱ ያያሉ! ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ ጫማቸው ተወልውሎ ያበራል፤ ከዘራቸው በእጃቸው ነው። ሲያዩኝ ዘወር አሉ።

“ጋሽ ሸዋንግዛው፣ እንደምን ዋሉ...”

“አልመጣም ብያለሁ።”

“እሺ እንግዲህ ብለው ነክተዋል እኮ...”

“መውጫ ሳጣ ነዋ! በሩን ሁሉ ዘግተሽ በዚች ብቻ ውጣ ካልሽኝ በኋላ ይሄ መምጣት ይባላል?”

“አጥፍቻለሁ። ግን ሦስት ጊዜ ተለምነዋል...”

“ማን ለመነኝ?” በከዘራቸው መሬቱን መቱ። “ስልክ ‘በሞቴ’ አለኝ! ስልክ ምን ሞት አለው? ባትሪው ነው የሚያልቀው! ይሰካና ይነሣል! ሞት የሌለው ነገር በሞቴ ቢለኝ ምኑን አምኜ ነው እሺ የምለው?”

ስለ ተጠቃሚ ፍላጎት ያነበብኩትን ሁሉ በልቤ አገላበጥኩት፤ በማን ሞት እንደሚለመን የሚያወራ አንድም የለም። አፈርኩ። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ እጅ ነሣሁ።

“ጋሽ ሸዋንግዛው፣ በሞ...”

“እሺ እንግዲህ፣ ካልሽ ምን ይደረጋል!”

ቃሌን ሳልጨርስ ከአጥሩ ወጥተው ቀድመውኝ መንገዱን ጀምረዋል። ከኋላቸው እየሮጥኩ ነው የደረስኩባቸው።

ዳሱ በር ላይ ሁለቱ ሽማግሎች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። “ማረኝ ወንድሜ፣” “እግዜር ይማርህ፣ ተወው አሁን፣” ተባባሉ፤ እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ይዘው አጎዛው ላይ አስቀመጧቸው። መምሬ ደጀኔ በሕይወታቸው አጭሩን ቡራኬ ባረኩ። ጋሽ ወልዴ ከሁሉ በፊት ለጋሽ ሸዋንግዛው በገዛ እጃቸው አቀረቡላቸው። የዳሱ ሰው እጁን ታጥቦ፣ ምራቁን ውጦ፣ የእሳቸውን የመጀመሪያ ጉርሻ ብቻ ይጠብቃል።

ጋሽ ሸዋንግዛው ማዕዱን አዩት። ቀስ ብለው ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ መለሱ።

“እኔስ በልቼ ነው የመጣሁት፤ እናንተ ብሉ።”

ያን ጊዜ ሙሽራው፣ ሙሽራዋ፣ መምሬ ደጀኔ፣ የጫጫው ሰው ሳይቀር፣ ዳሱ ሙሉ ሕዝብ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በአንድ ድምፅ ጮኸ፦

“በሞታችን!”